ሐምሌና አራተኛ ፎቅ

ትምህርት ቤት ሲዘጋ ልጄ «እማዬ፣ ብቸኝነትሽን ያስረሱሻል» ብላ ሁለቱን የልጅ ልጆቼን አራግፋብኝ ሄደች። እውነቷን ነው፤ ስሜንም አስረስተውኛል። የሐምሌ ዝናብ ከደጅ አግዶን፣ ሶፋዬ ፈረስ፣ ረከቦቴ ሚኒባስ፣ ስኒዎቼ ተሳፋሪ ሆነዋል። «ሳሪስ! አንድ ሰው!» የታች ጎረቤቴ በመጥረጊያ እንጨት ኮርኒሱን ሲደበድቡ፣ ትንሹ ከበሮ መስሎት በእግሩ ይመልስላቸዋል።

አባባ ተስፋዬ የአገሩን ልጅ ከ40 ዓመት በላይ በተረት አፉን አስከፍተው አስቀምጠዋል፤ እኔ ሁለቱን ለ40 ደቂቃ አቃተኝ። «ተረት ተረት» ብል ማን «የላም በረት» ይበለኝ? ትልቁ ስልኬን እየጎረጎረ «አያቴ፣ መግቢያውን ዝለይው» አለኝ።

ድብብቆሽ ይሻላል። ቁም ሣጥን ውስጥ ከተደበቅሁ ግማሽ ሰዓት አለፈኝ፤ ማንም አልፈለገኝም፤ እኔም አልቸኮልኩም።