ሲስተም ሄዷል

ባንክ ቤት ወረፋ ጠብቆ፣ ተራው ደርሶ፣ «ሲስተም የለም» ያልተባለ ሰው ካለ እጁን ያውጣ። እኔን የሚያናድደኝ መባሉ አይደለም፤ እሱንስ ለምደነዋል። አነጋገሩ ነው። ሲስተም ቀጠሮ እንደማያከብር ዘመድ «ሄዷል»፣ «ጠዋት ነበር»፣ «አሁን ይመጣል» ይባልለታል። አንዳንዴም «አለ፣ ግን ይንቀራፈፋል»። ምን አግኝቶት እንደሆነ የሚጠይቅ የለም። ለመብራትና ለውሃ ያወጣነው ሰዋስው ለእንግሊዝኛ ቃልም ተረፈ።

ቃሉ በአገሩ ሲኖር ይህን ያህል አይንከራተትም። ለእንግሊዞች ፀሐይና በዙሪያዋ የሚዞሩት ፕላኔቶች ሲስተም ናቸው፤ ነርቭም ሲስተም ነው፣ ምግብ የሚፈጭልን የሆድ ዕቃም እንዲሁ። ሜትርና ግራም እ.ኤ.አ. በ1795 ፈረንሳይ በሕግ ያጸናችው ሲስተም ነው። ጋሊሊዮ በ1632 ባሳተመው መጽሐፍ ሁለት ሲስተሞችን አከራክሯል፤ በአንዱ ምድር መሐል ትቆማለች፣ በሌላው ፀሐይ። ሰውየው በዚህ ጦስ የቁም እስረኛ ሆኖ ሞተ፤ ሲስተሞቹ ግን ክርክሩ እስኪያልቅ አንድም ቀን አልተቋረጡም። በእንግሊዞቹ አገር ደግሞ መንግሥትም፣ ትምህርት ቤትም፣ አለቃም ያስመረረው ወጣት ሁሉንም ጠቅልሎ «ሲስተሙ» ብሎ ይረግማል።

የኛ ሰፈር ልጆች ደግሞ ሌላ ትርጉም ጨመሩበት። «በሲስተም ንገራት» ማለት በዘዴ፣ ሳታስደነግጥ። «በሲስተም ግባ» ማለት ዘበኛው ሳያይህ። እንግዲህ ሰማይን በሥርዓት የሚያዞረው ቃል በጓሮ በር ሾልኮ ለመግባትም ያገለግላል ማለት ነው። ባንክ ውስጥ ሲስተም ጠፍቶ ሳለ ጉዳዩን ጨርሶ የሚወጣው ሰውዬም በሲስተም የገባ ነው።

የቃሉ ሥር ግሪክኛ ነው፤ ትርጉሙም አብሮ መቆም። ሲስተም የለም በተባልንበት ቀን ባንኩ አዳራሽ ውስጥ አብረን የቆምነው እኛ ባለወረፋዎቹ ብቻ ነበርን።

ከፊቴ የነበሩ እናት ግን ግሪክኛው አልጠቀማቸውም። «ልጄ፣ ገንዘቤን ማነው የከለከለኝ?» አሏት መስኮቷ ላይ ያለችውን ልጅ። «ሲስተም ነው እናቴ» አለች። እዚህ ላይ ቀልዱ ይብቃኝ። ድሮ ደሞዝ ያዘገየ ጸሐፊ ስም ነበረው፤ ይለመናል፣ ይከሰሳል፣ ቢያንስ ይሰደባል። አሁንም እኮ ሰው አለ! የተበጠሰውን መስመር ያልጠገነ አለ፤ መጠባበቂያውን ያልገዛ አለ፤ ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ አስተኝቶ ያልፈረመ አለ። የሴትዮዋን የመድኃኒት ብር የያዙት እነዚህ ናቸው። ሁሉም ከአንድ የባዕድ ቃል ጀርባ ተደብቀው፣ ለምን ብላ የምትጠይቅ አሮጊት «እስኪመጣ ይጠብቁ» ትባላለች።

ልጅቷስ ምን ታድርግ? የእሷም ደሞዝ የሚወጣው ከዚያው መስኮት ነው። «ቡና ጠጥተው ቢመለሱ ይሻላል» አለችኝ በትሕትና። ምክሯ መጥፎ አይደለም፤ ጀበናዋን የጣደችው ሴት ከባንኩ በር አጠገብ ናት፣ የሷ ከሰል ደግሞ ኔትወርክ አይፈልግም።

ቡናንም ቢሆን ሲስተም ውስጥ ያስገባው ሰው አለ። ስዊድናዊው ካርል ሊኒየስ እ.ኤ.አ. በ1735 «ሲስተማ ናቱሬ» የሚል መጽሐፍ አውጥቶ ፍጥረትን በየወገኑ አሰለፈ፤ በ1753 ደግሞ በሌላ መጽሐፉ ለቡናችን «ኮፊያ አራቢካ» የሚል ስም አወጣለት። ዛፉ የኛ፣ ስሙ የዓረብ! ያ ሲስተም ደግሞ እስከ ዛሬ ሄዶ አያውቅም። ዓለም አቀፉ የዕፅዋት ስያሜ ደንብ፣ በወጉ የወጣ ስም ስላልተስማማ ብቻ አይሻርም ይላል። ስለዚህ ከፋ ጫካ ውስጥ ማንም ሳይተክለው የበቀለውም ቡና አራቢካ ነው።