ሰዓት የቀየሩት እነሱ፣ የተቸገርነው እኛ

ኧረ ታከተን! የካቲት አልቆ መጋቢት በገባ ቁጥር አሜሪካ ሰዓቷን በአንድ ሰዓት ትገፋለች፤ ጣጣው መንዝ ድረስ ይመጣል። ዋሽንግተን ያለ ልጅ እሁድ እሁድ በእሱ አገር ረፋድ 5 ሰዓት ላይ ይደውላል እንበል። ከኅዳር እስከ የካቲት ስልኩ እዚህ የሚጮኸው ማታ 1 ሰዓት፣ እናት እሳት ዳር ቁጭ ካለች በኋላ ነው። መጋቢት ላይ ግን 12 ሰዓት ላይ ይጮኻል፤ እሷ ገና በጎቿን እያስገባች ነው። «እማዬ፣ ምነው አታነሺም?» «አንተ ምነው አስቀደምክ?» ሁለቱም እውነታቸውን ነው። አውሮፓ ያለችው እህቱ ደግሞ ሰዓቷ የሚቀየረው ከእሱ ሁለት ሦስት ሳምንት ዘግይቶ ነው። ጥቅምት መጨረሻ ላይ ሁሉም እንደገና ይገለበጣል።

የእኛ ፀሐይ ምን አጠፋች? እዚህ ረጅሙ ቀን ከአጭሩ የሚበልጠው በአንድ ሰዓት ከምናምን ብቻ ነው፤ ሰዓት የሚያስቀይር አይደለም።

ኮምፒውተር ለምንጠብቅ ሰዎች መከራው ድርብ ነው። የየአገሩ የሰዓት ደንብ በየማሽኑ ውስጥ ተመዝግቦ ይቀመጣል፤ አንድ መንግሥት ሐሳቡን በለወጠ ቁጥር መታደስ አለበት። ሊባኖስ በመጋቢት 2015 ዓ.ም. ሰዓት ሊቀየር ሁለት ሦስት ቀን ሲቀረው፣ ረመዳን እስኪያልቅ ይቆይ ብላ ወሰነች። ገሚሱ አገር እምቢ አለ፤ በቀናት ውስጥ ውሳኔው ተሻረ። ቤይሩት ሰው ቤት የሚሠሩት እህቶቻችን የቱን ሰዓት ይመኑ? በዚያው ዓመት ግብፅም ትታው የነበረውን ልማድ መለሰችው። እድሳቱ የሚመጣው በኢንተርኔት ነው፤ ኔትወርክ ከሌለ ማሽኑ የሚያውቀው የድሮውን ደንብ ነው።

በዚህ ላይ የራሳችን ሰው አለ። ጠዋት «9፡00» የሚለው ሰዓት ያናድደውና፣ 3 ሰዓት እንዲል ብሎ ሰርቨሩን በእጁ ስድስት ሰዓት ወደ ኋላ ይመልሰዋል። ማሽኑ ሌሊት መሰለው! በየ30 ሰከንዱ የሚለዋወጠው የማረጋገጫ ኮድ አልሠራ ይላል፤ ከሰዓት በኋላ የገባ ሰነድ ጠዋት እንደገባ ይመዘገባል። ማሽኑ በዓለም አቀፉ ሰዓት ይሂድ፣ የአዲስ አበባን ሰዓት አስልቶ ያሳይ፣ የእኛን አቆጣጠር ግድግዳው ላይ ስቀሉት ብንል ማን ይሰማል?

የማዘርቦርዱ ባትሪ ሲሞትማ መብራት በሄደ ቁጥር ዓመቱ ራሱ ወደ ኋላ ይሸሻል፤ ድረ ገጾቹም አንከፈትም ይላሉ። ለዚያች የሳንቲም ቅርጽ ላላት ባትሪ የግዢ መጠየቂያ፣ የኃላፊ ፊርማ፣ ማኅተም፤ ኃላፊው ደግሞ ስብሰባ ላይ ናቸው።