የሚሰድበኝ ሹፌር ይባረክ

ካርቱም ውስጥ ብስክሌት የሚነዳ ሰው ከቤት ሲወጣ ከፍሬኑ በፊት ቀኑን ማረጋገጥ አለበት። ፍሬን እምቢ ቢል በእግር ይቆማል፤ ቀን የተሳሳተበት ሰው ግን የሚቆመው የመኪና ኮፈን ላይ ነው።

ለሐበሻ ደግሞ ቀኑን ማረጋገጥ ራሱ ሥራ ነው። ሱዳኖች የሚያርፉት ዓርብና ቅዳሜ ነው። እሁድ ጧት እኛ ነጠላችንን ስንፈልግ ሹፌሩ የሰኞ ፊቱን ይዞ አስፋልት ላይ ይወጣል። እኔ የባሕር ዳር ልጅ ነኝ። ባሕር ዳር ላይ ተማሪውም ሠራተኛውም በብስክሌት ስለሚሄድ ዛሬ መኪና የያዘው ሰው ትናንት ፔዳል ሲረግጥ የምናውቀው ነው፤ ይተዛዘናል። አባይን ተከትዬ አንድ ሺህ አራት መቶ ኪሎ ሜትር ከምናምን ቁልቁል ወርጄ ካርቱም ስገባ ግን ብስክሌት «አጀላ» ተብላ፣ ነጂዋም ሌላ አማራጭ ያጣ ምስኪን ተብሎ ጠበቀኝ። አባይ ማደሪያ የለው ግንድ ይዞ ይዞራል የሚባለው እውነት ነው፤ በዚያ ዙር ግንዱ እኔ ነበርኩ።

ሥራዬ እንጀራ ማመላለስ ነበር። ዴም ሰፈር ከምትጋግር አንዲት እናት እቀበልና አማራት ሰፈር ላሉ የሐበሻ ምግብ ቤቶች አደርሳለሁ። እንጀራው በፕላስቲክ ተጠቅልሎ ቅርጫት ውስጥ ይገባል፤ ቅርጫቱ ደግሞ በአሮጌ ካላማዳሪ ከኋላ ይጠፈራል። እንግዲህ ይህን ተሸክሞ ከእሁድ እስከ ሐሙስ አስፋልት ላይ መውጣት ነው።

የሥራ ቀን ንጉሥ ሃፍላ ነው፤ እኛ ቅጥቅጥ የምንለው አውቶቡስ። ተሳፋሪው መውረድ ሲፈልግ «ወራጅ አለ» አይልም፣ ጣቱን ያንጫጫል። የኔን ደወል፣ የኋላውን መኪና ክላክስና የራሱን ቴፕ መስማት ያቃተው ሹፌር ይህችን የጣት ድምፅ ከመጨረሻው ወንበር ድረስ ለይቶ ይሰማታል። በሰማባት ቅጽበትም ያለ ፍሬቻ ወደ ቀኝ ይታጠፋል። በቀኝ ያለሁት ደግሞ እኔ ነኝ። ይኼኔ በሩ ላይ የተንጠለጠለው ረዳት፣ ኮምሳሪው፣ «ያ ሐበሺ!» ብሎ ይጮህና መዳፉን ትከሻዬ ላይ አሳርፎ ቀስ አድርጎ ከመንገዱ ያወጣኛል። በዚያው እጁ ዞር ብሎ ሒሳብ ይሰበስባል። ከሃፍላው ያመለጠ ለአምጃድ ይደርሳል፤ አዲስ አበቤ ዳማስ የሚላት ትንሿ መኪና ናት። ከአምጃድ የተረፈውን ረክሻ፣ የኛው ባጃጅ፣ ይጠብቀዋል። ሱዳን ከግራ ነጂነት ወደ ቀኝ የዞረችው እ.ኤ.አ. በ1973 ነው፤ ወሬው ለአንዳንድ ረክሻዎች ገና አልደረሰም።

ሁሉም ታዲያ ይሳደባል። አባቴን፣ አገሬን፣ ብስክሌቴን፣ አንዳንዴ ባላየውም እንጀራዬን።

ዓርብ ሲመጣ ያው ሹፌር ሌላ ሰው ነው። ነጭ ጀለቢያው በካውያ ተተኩሷል፣ ጥምጣሙ ተስተካክሏል፣ ከኋላ ልጆቹ ተደርድረዋል። በእንዲህ ያለ ልብስ ወርዶ መጣላት አይመችም። መስኮቱን ዝቅ ያደርግና ሰላምታ ይጀምራል። የሱዳን ሰላምታ በአንድ የትራፊክ መብራት አያልቅም፤ ጤናህን፣ ቤተሰብህን፣ ሥራህን፣ አገርህን ጠይቆ እንደገና ወደ ጤናህ ይመለሳል። ይህን ሁሉ ሲል ጎን ለጎን እየነዳ ነው። ቀኝ እጁ ለአክብሮት ደረቱ ላይ፣ ግራው ስልኩ ላይ ነው። መሪውን ማን እንደያዘው አላህ ያውቃል።

ሲመሽ ይብሳል። በአባይ ዳር ባለው የናይል ጎዳና ሹፌሩ ሁሉ ዓይኑ ወደ ሻይ ሻጮቹ ነው፤ ጥሩ ዝንጅብል ያላት ስትገኝ ባለበት ቀጥ ይላል። የሠርግ አጀብ ከመጣማ ግማሽ አካላቸውን በመስኮት ያወጡ ሚዜዎች እልል እያሉ ከግንቡ ጋር ያጣብቁሃል። በደስታ የሚገጭህን ሰው ምን ብለህ ትቆጣዋለህ?

እዚህ ላይ ነው ፍልስፍናዬ የመጣው። የሚሰድበኝ ሹፌር አይቶኛል። ያላየውን ማን ይሰድባል? ሐሙስ ዕለት መንገዱ ስለሚጨናነቅ ሃፍላው እንኳ እየተሳበ ነው፤ ቢነካኝ እንጀራዬ ይፈርሳል እንጂ እኔ አልፈርስም። ዓርብ ጧት አስፋልቱ ባዶ ነው፣ ሰውየው ደስተኛ ነው፣ እግሩም ነዳጁ ላይ ነው። ይህ የካርቱም ብቻ ነገር አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2020 በኮሮና ምክንያት አሜሪካኖች ከወትሮው ያነሰ ነድተው በመንገድ አደጋ የሞተው ሰው ግን ከቀዳሚው ዓመት በለጠ፤ ባዶ መንገድ እግርን ያባልጋል።

ሹፌር ደግሞ ብስክሌተኛውን በልብሱ ይመዝናል። እንግሊዝ አገር በባዝ ዩኒቨርሲቲ የነበረው የሥነ ልቦና ሰው ኢያን ዎከር ብስክሌቱ ላይ መለኪያ ገጥሞ ሞክሮት ነበር። የራስ ቁር ሲያደርግ መኪኖቹ ይበልጥ ተጠግተውት አለፉ፤ ረጅም ዊግ አጥልቆ ሴት ሲመስል ራቁለት። እኔ ዊግ መግዣ ስላልነበረኝ አንድ ዓርብ ጀለቢያ ለበስኩ። መንገዱ እንዴት እንደተከፈተልኝ! ሼህ የመሰልኳቸው ሳይኖሩ አይቀሩም። አማራት ልደርስ ስል የጀለቢያው ጫፍ ካቴና ውስጥ ገባ። ያከበሩኝ ሹፌሮች በሙሉ መኪናቸውን አቁመው ሊያላቅቁኝ ወረዱ፤ ሐሙስ የሰደበኝም ከመካከላቸው ነበር፤ ጥርሱን ነክሶ ጨርቁን ከካቴናው የፈለቀቀው እሱ ነው።

በረመዳን ደግሞ ሁለቱ ጸባዮች በአንድ ምሽት ይገናኛሉ። ከአዛኑ በፊት ባሉት ደቂቃዎች ከተማው ሁሉ ወደ ቤቱ ይበርራል። አዛን ሲል መንገድ ዳር ምንጣፍ ይነጠፋል፤ ቅድም ለጥቂት የሳተኝ ሰው የብስክሌቴን መሪ ይዞ «ሳትቀምስ አታልፍም» ይለኛል። እ.ኤ.አ. ከ2003 ጀምሮ ከካይሮ ኬፕታውን በብስክሌት ሲጓዙ በሱዳን ያልፉ የነበሩት ፈረንጆችም የአገሩን እንግዳ ተቀባይነት አውርተው አይጠግቡም ነበር፤ መተማን ካለፉ በኋላ ግን የሚያወሩት በየመንገዱ ድንጋይ ስለወረወሩባቸው ልጆቻችን ነበር። ስለዚህ ሱዳንን ለማማት አፋችን አይሞላም።

የመጨረሻው የካርቱም ቅዳሜዬ ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. ነበር። ለእነሱ የረመዳን ቅዳሜ፣ ለእኛ ቀዳም ሥዑር፤ ለፋሲካ የታዘዘ እንጀራ ተቆልሎ ነበር። ያን ጧት የሱዳን ጦርነት ተጀመረ። መትረየስ የጫኑት መኪኖች ሲያልፉ ሰላም የሚልም የሚሳደብም አልነበረም። ብዙዎቻችን በገዳሪፍ አድርገን መተማ ገባን፤ ብስክሌቷ እዚያው ቀረች።

አሁን አዲስ አበባ ነኝ። ከ2011 ዓ.ም. ወዲህ «መንገድ ለሰው» እየተባለ አንዳንድ እሁድ ጎዳና ለመኪና ተዘግቶ ለእግረኛና ለብስክሌት ይከፈታል፣ በኮሪደር ልማቱም የብስክሌት መስመር ተሠርቷል፤ ሁለቱም ደግ ነገር ነው። መስመሩ በሚያልቅበት ቦታ ግን አሁንም የምንገናኘው ከሹፌር ጋር ነው። ስለዚህ ወንድሜ ሹፌር፣ በሥራ ቀን ብትሰድበኝ አልቀየምም፤ የእሁድ ሰላምታህንም በደስታ እቀበላለሁ። ከሁለቱም በፊት ግን ስፖኪዮህን እይልኝ።