ኮለኑን አልብሱት

አዲስ አበባ ውስጥ ካፌ የሚከፈተው ቡና ለመሸጥ ነው ብሎ የሚያምን ሰው ዛሬም አይጠፋም፤ የዋህ ነው፣ ይታዘንለት። ካፌ የሚከፈተው የፕላስቲክ ሳር ለመለጠፍ ነው። የዲኮር ባለሙያ ጥበቡ የሚታየው ደግሞ ከሕንፃ ደረጃ ሥር በተረፈች፣ ጣሪያዋ ወደ አንድ ጎን ባዘቀዘቀ፣ መሐሏ ላይ ኮለን በተገተረባት ባለሦስት ማዕዘን ክፍል ነው። መጀመሪያ ዝቅ ያለው ጣሪያ በጂፕሰም ይበልጥ ዝቅ ይደረጋል፤ ቤቱ «ሞቅ እንዲል» ነው ይባላል፤ ማሽኑ እንፋሎቱን ሲተፋ በእርግጥም ይሞቃል። የብሎኬቱ ግድግዳ ጡብ በሚመስል ዎልፔፐር ይሸፈናል። ኮለኑ ቅጠል ለብሶ የሁለት ሰው መቀመጫ እስኪውጥ ይወፍራል። ሹሉ ጥግ ላይ ረከቦት ይቀመጥና እሳት አይታ የማታውቅ ጀበና በሙጫ ትጣበቅበታለች። ድሮ ቄጠማ የሚጎዘጎዘው ወለል ላይ ነበር፤ እድገት ነውና ግድግዳ ላይ ወጥቷል። ሲደርቅ የሚጠርገው ሰው አያስፈልገውም፤ ለነገሩ አቧራውንም የሚጠርግለት የለም።

ይህ ሁሉ ከተሟላ በኋላ ባሪስታ የሚባል ፍጡር እንዳለ ትዝ ይላል። ባለሁለት ግሩፕ ማሽን ብቻውን ከ70 እስከ 80 ሴንቲ ሜትር ያህል ወርድ ይፈልጋል፤ ወፍጮው፣ የወተቱ ፍሪጅና የስኒ ማጠቢያው ሲጨመሩ ባንኮኒው ሁለት ሜትር ያልፋል፤ ከኋላው ሰው የሚዞርበት 90 ሴንቲ ሜትር ያህል ካልቀረ ሥራው ትግል ይሆናል። ሶፋው ግን ቀድሞ ገብቷል። ስለዚህ ባሪስታው በጎኑ ይሠራል፤ ፍሪጁም ወደ ደንበኞች በኩል ተገፍቶ ወተቱ ከሰው ጉልበት ሥር ይወጣል፣ ይህም ማኅበራዊ ቅርርብን ያጠናክራል። ለባንኮኒ የተሠራው የ75 ሴንቲ ሜትር ዱካ ቁመቱ 75 ከሆነ ጠረጴዛ ጋር ሲጋባ ደግሞ ደንበኛው ለእያንዳንዷ ጉንጭ ማኪያቶ እጅ እየነሳ ይጠጣል። ቡናን ማክበር ማለት ይሄ ነው!

ምቀኛ ግን አይጠፋም። አንዱ ተነስቶ ቶሞካን ይጠቅሳል፦ እ.ኤ.አ. በ1953 ፒያሳ ላይ የተከፈተው ጠባብ ቤት ደንበኛውን ከፍ ባሉ ጠረጴዛዎች ዙሪያ አቁሞ ሲያጠጣ ሶፋ የጠየቀው አልነበረም ይላል። ሌላው ቪየና ድረስ ይሄዳል፤ አርክቴክቱ አዶልፍ ሎስ እ.ኤ.አ. በ1908 በሠራው 27 ካሬ ሜትር በሚያህል መጠጥ ቤት መስታወቶቹን ከሰው ራስ በላይ ሰቅሏቸው ጣሪያው የሚቀጥል፣ ቤቱም የሰፋ መስሎ ይታያል ይለናል። ምን ዓይነት ብክነት ነው! ደንበኛው ፊቱን ካላየበትና ራሱን ካላነሳበት መስታወት ለምን ይገዛል?

ከተቃውሞዎቹ ሁሉ ክብደት ያለው የባለቤቱ ነው፤ ኪራዩ አናት ይበጣል፣ ደንበኛን የሚያመጣው ደግሞ ፎቶው ነው። እውነት አለው፤ ባዶ ግድግዳ አይቶ የሚገባ ወጣት ጥቂት ነው። ብቻ ለፎቶ የመጣው እንግዳ አንድ ማኪያቶ አዝዞ ሮዝ መብራቱ ሥር ሁለት ሰዓት ይቀመጣል፤ ቆሞ የሚጠጣው በአምስት ደቂቃ ከፍሎ ለሚቀጥለው ይለቃል። ኪራዩ የሚከፈለው በካሬ ከሆነ የትኛው እንደሚያዋጣ ለማወቅ ሒሳብ ሹም መቅጠር አያስፈልግም። መንገድ ዳር ያለችው ጀበና ቡና ሻጭ ይህን ታውቃለች፤ ከሰሉን፣ ረከቦቱንና ጥቂት ዱካዎችን ይዛ ከዚያች ሹል ጥግ በማይሰፋ ቦታ ቀኑን ሙሉ ሰው ታስተናግዳለች። ግን እሷ ዲኮር አልተማረችም፣ ይፈረድባታል?

አሁን ደግሞ አዲስ ወሬ አለ። ኮለኑን ከመደበቅ ይልቅ ዙሪያውን 110 ሴንቲ ሜትር ከፍታ ላይ አንድ የእንጨት መደርደሪያ ብትመቱበት አምስት ሰው ተደግፎ ይጠጣበታል፤ ጣሪያው ባዘቀዘቀበት በኩል ሰው አይቆምምና የቡናውን ጆንያና የወተቱን ፍሪጅ አስገቡበት፤ ማሽኑን ከበሩ ፊት ለፊት አድርጉት፣ አላፊ አግዳሚውን ሽታው ይጥራው የሚሉ ሰዎች ተነስተዋል። ወጪው ከሳሩ ያንሳል ብለውም ይከራከራሉ። ደፋሮች ናቸው። ለመሆኑ በጥቅል ተገዝቶ የመጣውን ቅጠል ማን ሊረከበው ነው?