ሣሩ ላይ እንዳትቆሙ!

እንደ ብዙው የአዲስ አበባ ሰፈር እኛም ውኃ የምናገኘው በፈረቃ ነው። ባለቤቴ በተራችን ሌሊት ጎማ ይዞ ሲወጣ ሮቶ ሊሞላ መስሎኝ እመርቀው ነበር። ለካ ሣሩን ሊያጠጣ ኖሯል!

በበጋ ሣር አረንጓዴ ሆኖ እንዲከርም በሳምንት ወደ 25 ሚሊ ሜትር ውኃ ይፈልጋል። በካሬ ሜትር 25 ሊትር ማለት ነው። የእኛ 40 ካሬ እንግዲህ በሳምንት 1000 ሊትር፣ ባለ 20ው ጀሪካን 50 ይጨልጣል። ላም ብትሆን ትታለባለች፤ በግ ቢሆን ለፋሲካ ይደርሳል። ይሄ ግን ጠጥቶ ጠጥቶ የሚሰጠን አጨዳ ብቻ ነው። ደግሞ አይረገጥም! ልጆቻችን «ሣሩ ላይ እንዳትቆሙ» እየተባሉ አደጉ። ለበዓል እንኳ ቄጤማ የምንገዛው ከገበያ ነው።

የሚገርመው፣ ሣራችን ሰርዶ ነው፤ ሰርዶ ራሱ ደግሞ ድርቅ ይችላል። በበጋ ቢጫ ሆኖ ይተኛና ሰኔ ሲገባ ይነሣል። የማይችለው ባለቤቴ ነው።

መጋቢት ላይ የልጆቹ ዩኒፎርም በውኃ እጦት ሳይታጠብ ሲቀር «ወይ እኔ፣ ወይ ሣሩ!» አልኩት። ትንሽ አሰበ። ያቺን ያሰበባትን ጊዜ እስከ ዛሬ አልረሳሁለትም። በመጨረሻ ግን ሣሩ ተሸነፈ።

አህያ «እኔ ከሞትኩ ሰርዶ አይብቀል» ያለችው ነቅላው ስለማታውቅ ነው። አንዲት አንጓ አፈር ውስጥ ከቀረች ያቆጠቁጣል። ቆፍረን፣ ለቅመን፣ በቦታው ሬት፣ ጦስኝ፣ ጤና አዳምና የጥብስ ቅጠል ተከልን። ውኃ የሚወዱት ጎመንና በሶብላ ቧንቧው አጠገብ ሆኑ። ፀሐይ እርጥበቱን እንዳትወስደው አፈሩን ደረቅ ቅጠል አለበስነው፤ መተላለፊያው ላይ ጠጠር አፈሰስን። አሸንዳውንም ወደ ሮቶው አዞርነው፤ አዲስ አበባ በዓመት ከ1000 ሚሊ ሜትር በላይ እየዘነበላት፣ አብዛኛው በክረምት ወደ ቦይ ሲሄድ ቆመን ስናይ ነው የኖርነው።

ጎረቤታችን ጠጠሩን አይተው «ልጄ፣ ቤት ልትጨምሩ ነው?» አሉኝ። አሁን ቡና በፈላ ቁጥር ጤና አዳም ሊቀጥፉ ብቅ ይላሉ። ባለቤቴ ግን ከጠጠሩ መሀል ሰርዶ ብቅ ሲል ዛሬም በስስት ነው የሚያየው።

እናንተም ካሰባችሁበት ሰኔ ግም ሲል ትከሉ፤ ሥር እስኪሰድ ሰማዩ ያጠጣላችኋል። ቀጥሎ ባለው በጋ ግን ችግኙን አትርሱት። ሰርዶ የሚፈልግ ካለ ደግሞ መጥቶ ይንቀል፣ በነጻ ነው። ባለቤቴ ሥራ ሲሄድ ጠብቃችሁ ኑ።