ከባድ ቃል በሳቂታ ፊደል

ከባድ ነገር ጽፈው ማንም እንዳያስተውልዎት ከፈለጉ ኮሚክ ሳንስ የተባለውን ፎንት ይምረጡ። ክብ ክብ ያለ፣ ጫፉ የዶለዶመ፣ ቀጥ ብሎ መቆም የሰለቸው፣ ልጅ በወፍራም ማርከር የጫጫረው የሚመስል ፊደል ነው። የስንብት ደብዳቤም ይሁን የቀብር ማስታወቂያ በዚህ ሲጻፍ ፈገግ ይላል። ከሥራ የተባረረው ሰው ቢያንስ ፊደሎቹ እየተጫወቱ መሆናቸውን አይቶ ይጽናናል።

የዘር ሐረጉም አያሳፍርም። በ1994 እ.ኤ.አ. የማይክሮሶፍቱ ቪንሰንት ኮኔር ለጀማሪዎች በተሰናዳ «ቦብ» በተባለ ፕሮግራም ውስጥ ሮቨር የሚባል የካርቱን ውሻ ያያል። ውሻው የሚናገረው በታይምስ ኒው ሮማን፣ በጋዜጣ ፊደል ነበር። ኮኔር ውሻ እንደ ርእሰ አንቀጽ ማውራት የለበትም አለና የኮሚክ መጻሕፍትን የእጅ ጽሑፍ እያየ አዲስ ፊደል ሠራለት። ነገር ግን ፊደሉ ለፕሮግራሙ ልክ አልሆን ብሎ ሰፋ፤ ጊዜውም አለፈ። ውሻው ሳይጠቀምበት ቀረ። ከውሻ የተረፈውንማ ማን ይጥላል? ከዊንዶውስ 95 ተጨማሪ ፕሮግራሞች ጋር ወጥቶ በየቢሮው ገባ።

ያነገሡት ደግሞ ታላላቆች ናቸው። በ2010 የቅርጫት ኳስ ተጫዋቹ ሌብሮን ጄምስ ክሊቭላንድን ጥሎ ወደ ማያሚ ሲሄድ የቡድኑ ባለቤት ዳን ጊልበርት በኮሚክ ሳንስ በተጻፈ ደብዳቤ ዘለፉት፤ ከእሱ በፊት እኛ ዋንጫ እንበላለን ሲሉም ማሉ። ሌብሮን በ2012 ዋንጫውን ሲያነሣ መሐላው ከነፎንቱ መሳቂያ ሆነ። በዚያው ዓመት የአውሮፓው የኑክሌር ምርምር ማዕከል ሰርን ከ1964 ጀምሮ በሐሳብ ብቻ ሲታወቅ የኖረውን የሂግስ ቦዞን ቅንጣት ዱካ ማግኘቱን ሲያበስር፣ ተመራማሪዋ ፋቢዮላ ጃኖቲ ስላይዶቻቸውን በዚሁ ፊደል አሰናድተው ቀረቡ። የፍጥረት ምስጢር የልደት ግብዣ ጥሪ መሰለ። በ2019 ደግሞ የአሜሪካ ምክር ቤት የደንበኞቻቸውን ሰነድ ሲጠይቅ ጠበቃው ጆን ዳውድ መልሳቸውን በዚሁ ላኩ። ሕግም ጨዋታ ያምረዋላ!

የእንግሊዝ የዲስሌክሲያ ማኅበር ፊደሎቹ ማንበብ ለሚቸግራቸው ሰዎች ከሚቀሉት መካከል ይቆጥራቸዋል። ሕፃናት የሚያስተምሩ መምህራንም ይወዷቸዋል። እነሱ እንኳ ለማን እንደሚጽፉ አስቀድመው የሚያስቡ ሰዎች ናቸው፤ እንዲህ ያለ ድካም ለእኛ ለባለማኅተሞቹ አይሆንም። ለእኛ የሚበጀን ደብዳቤውን ጽፎ መጨረስ፣ ከዚያ የፎንቱን ዝርዝር ከፍቶ ለዓይን ደስ ያለውን መንካት ነው።

ጥቅሙ ብዙ ነው። በጋዜጣ ፊደል የጻፉትን ሰው ያነበዋል፤ አንብቦም ይከራከርዎታል፣ ስህተትዎን ይነቅስብዎታል። ሰርን ያን ቀን ያበሰረው በግማሽ ክፍለ ዘመን አንዴ የሚገኝ ግኝት ነበር፤ ኢንተርኔቱ ግን ስለ ፎንቱ ሲያወራ ዋለ። ሂግስ ቦዞንን የሸፈነ ፊደል የእርስዎን ስህተት መሸፈን ያቅተዋል?