ቮልሴን ለናይሮቢ ሲድሩብኝ

መኪና ድሮ መንገድ ይሄድ ነበር። ዛሬ መንገድ ከመሄዱ በፊት ፎቶ ይነሣል፤ ፎቶ ከመነሣቱ በፊት ደግሞ ይለጠፍበታል። የእህቴ ልጅና ጓደኞቹ የእኔን ቮልስ ምን እንዳስመሰሏት ብታዩ! በሯ ላይ የአፍሪካ ካርታ፣ ኮፈኗ ላይ አንበሳ፣ የኋላ መስታወቷ ላይ ከዳር እስከ ዳር «ከአዲስ እስከ ናይሮቢ» የሚል ጽሑፍ። ሾፌሩ በዚያ መስታወት ከኋላው የሚመጣውን ይይ አይይ የጠየቀ የለም። ፍሬኗንም ከፍቶ ያየ የለም። «ዝግጅቱ አልቋል ጋሼ» አለኝ ልጁ፣ ደረቱን ነፍቶ።

ነገሩ ሰርግ ነው። የባለቤቴ እህት ናይሮቢ ትኖራለች፤ ልጇን ልትድር ነው፤ መልካም፣ ይባረክ። አውሮፕላን ሁለት ሰዓት ገደማ ቢፈጅበት ነው። የእኔ እህት ልጅ ግን «ቁም ነገሩ መድረሱ ሳይሆን መንገዱ ነው» የሚል ፍልስፍና ከየት እንዳመጣ እንጃ። መንገዱንማ እኔን ይጠይቀኝ። ሞጆ፣ ዝዋይ፣ ሻሸመኔ፣ ሐዋሳ፣ ዲላ፣ ያቤሎ፣ ሜጋ፣ ሞያሌ፤ ወደ 770 ኪሎ ሜትር። ከዚያ ወዲያ ማርሳቢት፣ ኢሲዮሎ፣ ናንዩኪ እያለ ናይሮቢ እስኪገባ ደግሞ ያንኑ ያህል። መመለሻውን የቆጠረ አላጋጠመኝም።

«ዛሬ እኮ ሁሉም አስፋልት ነው» ይሉኛል። እውነት ነው። ከሞያሌ እስከ ኢሲዮሎ ያለው መንገድ ድሮ የጭነት መኪና ባላስትራ የሚሰብር ኮረኮንች ነበር። ያኔ ኮረኮንቹ ራሱ ጎረምሳን ያስታግሥ ነበር፤ መንዳት የሚፈልገውን ያህል አያስነዳውም። አስፋልት ግን ማንንም አይቆጣም። ቆላ ወርደህ፣ ፀሐይ አናት ላይ ሆና፣ እግርህን ነዳጁ ላይ ጭነህ ሰዓታት ብትሄድ ዝም ብሎ ያሳልፍሃል። ቮልስን የሚገድላት እሱ ነው።

መኪናዋ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር የ1966 ሥሪት ናት። ሞተሯ 1300፣ ጉልበቷ 40 ፈረስ፣ ራዲያተር የሚባል ነገር የላትም፤ የሚያቀዘቅዛት አየርና ዘይት ነው። የዓይነቷ መጨረሻ ሜክሲኮ፣ ፑዌብላ ውስጥ ከፋብሪካ የወጣችው ሐምሌ 23 ቀን 1995 ዓ.ም. ነው፤ እስከዚያ ቀን ከ21 ሚሊዮን በላይ ተሠርተዋል። ጎረቤቴ በኤሌክትሪክ መኪናው መስኮት አንገቱን አውጥቶ «ጋሼ፣ ይቺን ለሙዚየም ይስጧት» ይለኛል። ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ የነዳጅ የቤት መኪና ማስገባት ስለተከለከለ መንግሥት ከእሱ ጎን የቆመ ይመስለዋል። እስቲ ከሜጋ በታች ሶኬት ይፈልግ!

የእህቴ ልጅ ደግሞ ታሪክ አነበበ። የምሥራቅ አፍሪካን ሳፋሪ፣ ያንን የኬንያን የመኪና እሽቅድድም፣ በፈረንጅ 1954፣ 1957 እና 1962 ያሸነፈችው ቮልስ ናት ብሎ ይከራከረኛል። ልክ ነው። ያኔ ያሸነፉት አዲስ ቮልሶች ነበሩ። የእኔዋ ግን ስልሳ ዓመቷ ነው። እኔም በ1954 ዓ.ም. ሮጬ ማንንም እቀድም ነበር፤ ዛሬ ናይሮቢ ድረስ ሩጥ የሚለኝ የለም።

እንግዲህ ዝግጅቱን እንየው። ገንዘቡ የወጣበትን ልንገራችሁ፦ ፖርቶመጋላ፣ ድንኳን፣ የስልክ ማስቀመጫ፣ ትንሽ ማቀዝቀዣ፣ ጣሪያ ላይ የሚደረደር የኤልኢዲ መብራት፣ ለሁሉም አንድ ዓይነት ካናቴራ። ማቀዝቀዣውም፣ መብራቱም፣ የስልክ መሙያውም 12 ቮልት ነው። ቮልሴ 6 ቮልት ናት። ይህን ስነግረው «ለምን ቀድመው አልነገሩኝም?» ብሎ ተቆጣ። ማን ጠየቀኝ? የፊት መብራቷ ራሱ ላሟን ሳይሆን የላሟን ወሬ ነው የሚያሳየው። ከያቤሎ በታች ማታ ግመል አስፋልት ላይ ይቆማል፤ ስለዚህ ፀሐይ ስትጠልቅ መኪናውም ሰውም ይተኛል አልኩ። የተስማማ ሰው ግን አላየሁም።

ያልተገዛውን ደግሞ ስሙ። የፍሬን ጎማ ቱቦ አልተገዛም። የዚህ ዘመን መኪና የፍሬኑ መሥመር ሁለት ነው፤ አንዱ ቢበጠስ ሌላው ያድናል። የእኔዋ አንድ ብቻ ነው፤ የአንድ ጎማ ቱቦ ከፈሰሰ የአራቱም ፍሬን ሄደ፣ ፔዳሉ ወለል ነካ ማለት ነው። ከኢሲዮሎ በኋላ መንገዱ በኬንያ ተራራ ጎን ሽቅብ ወጥቶ ወደ ናንዩኪ ቁልቁል ሲመለስ ካናቴራ አያቆማትም። የነዳጅ ቱቦም አልተለወጠም። ያረጀ ቱቦ ሞተሩ ላይ ሲያንጠባጥብ የስንቱ ቮልስ አመድ እንደሆነ የሚያውቅ ያውቃል። ጎማውን «አዲስ ነው፣ ጥርሱን አያዩም?» አሉኝ። መነጽሬን አድርጌ ጎኑ ላይ ያለውን አራት አሃዝ አነበብኩ፦ 2412። በፈረንጅ 2012 ዓመት፣ ሃያ አራተኛው ሳምንት ላይ የተሠራ ጎማ ነው። ጥርሱ አለ፣ ድዱ ግን ደርቋል።

ዋናው ሐዘኔ ግን ቫልቮላው ነው። ልጁ መኪናዋን ወስዶ አንድ ጋራዥ አስገባት። መካኒኩ ሞተሩን አስነሥቶ «ስሙት ጋሼ፣ ጸጥ አድርጌዋለሁ» አለኝ። እውነትም ጸጥ ብሏል። ደሜ ቀዘቀዘ። የቮልስ ቫልቮላ ሞተሩ ፍጹም ሲቀዘቅዝ፣ አድሮ ጠዋት፣ ከአንድ ሚሊ ሜትር አንድ አስረኛ ብዙም የማይበልጥ ክፍተት ተሰጥቶት ነው የሚስተካከለው። ያቺ ክፍተት ናት ቲክ ቲክ የምትለው። ክፍተቱ ከጠፋ ቫልቮላው በደንብ አይከደንም፤ ካልከደነ ሙቀቱን የሚያራግፍበት የለውም፤ ይቃጠላል፣ አንገቱም ይበጠሳል። በተለይ ሦስተኛው ሲሊንደር፤ በዚያ ዘመን ቮልስ የዘይቱ ማቀዝቀዣ ከፊቱ ተገትሮ ነፋሱን ስለሚጋርደው እሱ ሁልጊዜ ከወንድሞቹ ይልቅ ይሞቃል። መካኒኩ ያስተካከለው ከምሳ በፊት፣ ሞተሩ እንደጋለ፣ እየተቻኮለ ነው። ትንሽ የሚያጉረመርም ቫልቮላ ጤነኛ ነው፤ መፍራት ዝም ያለውን ነው። ይህን በዚህ ቤት የሚረዳ ግን የለም፤ እኔ አፌን በከፈትኩ ቁጥር «ደግሞ ማጉረምረም ጀመረ» ይሉኛል።

በማግስቱ ጠዋት ራሴ መሬት ላይ ተኝቼ ከፈትኩት። ልጁ ከላይ ስልኩን ደግኖ ይቀርጸኛል። «ካቻቢቴ አቀብለኝ» ስለው ፒንሳ ሰጠኝ። ይህ ልጅ ነው ማርሳቢት ላይ ቺንግያ የሚለውጠው! ቺንግያዋ ደግሞ እንደ ሌላው መኪና ቺንግያ አይደለችም፤ ዲናሞውንም ነፋስ ሰጪውንም የምታዞር እሷ ናት። ከተበጠሰች ቀይ መብራት ይበራል፤ መብራቱን አይቶ «ከተማ እስክንደርስ» ያለ ሰው ሞተሩን ቀብሮ ይመለሳል። ወዲያው ማጥፋት ነው። ከዚያ አንድ ቁልፍና አንድ ካቻቢቴ ይዞ፣ ፑሊዋን ለሁለት ከፍቶ፣ መሃል ያሉትን ስስ ቀለበቶች ቆጥሮ መልሶ መግጠም። ቀለበቶቹን ሣሩ ላይ የጣለ ደግሞ እዚያው ይክረም። ልጁ «በሴት ስቶኪንግም ይሠራል፤ ቪዲዮ ላይ አይቻለሁ» አለኝ። ባለቤቴ ከወጥ ቤት «የማንን ስቶኪንግ?» ብላ ጮኸች፤ ጨዋታው በዚያ አበቃ። ሶማሌ ተራ ሄጄ ሁለት ቺንግያ፣ ፑንቲና፣ ካንዴላና የነዳጅ ቱቦ በገዛ ጡረታዬ ገዛሁ።

አንድ ነገር ደግሞ አለ፣ እኔ ካልነገርኩት ማንም የማያስታውሰው። ቮልሴ የአዲስ አበባ ልጅ ናት። ካርቡራቶሯ ለእንጦጦ ግርጌ ስስ አየር ነው የተመጠነው። ሞያሌ ከባሕር ወለል 1,100 ሜትር ገደማ ነው፤ እዚያ አየሩ ይወፍራል፣ ነዳጁ ያው ይሆናል። አየር በዝቶ ነዳጅ ሲያንስ ሞተር ይግላል። ስለዚህ የካርቡራቶሩን የነዳጅ ቀዳዳ አንድ ቁጥር ከፍ ባለው መለወጥ ያስፈልጋል። የኋላ ኮፈኗ ላይ የደረደሩት የውኃ ጀሪካን ደግሞ ሞተሩ የሚተነፍስባቸውን ቀዳዳዎች ደፍኗቸዋል። አስወረድኩት። «ለፎቶ ያምር ነበር» አሉ።

ወረቀቱ ሌላ ጣጣ ነው። «ቢጫ ካርድ አለህ?» ስለው «አለኝ» ብሎ የቢጫ ወባ ክትባቱን አወጣ። እሱ ለአንተ ነው ልጄ! ለመኪናዋ የኮሜሳ ቢጫ ካርድ የሚባል፣ ድንበር ተሻግሮ የሚሠራ የሦስተኛ ወገን መድን አለ። ከዚያ አንድ መሥሪያ ቤት የሊብሬውን ቁጥር ከመኪናዋ ጋር እናመሳክር አለ። የሞተሩ ቁጥር አልገጠመም፤ በስልሳ ዓመት ሞተር ያልለወጠ ቮልስ አምጡና አሳዩኝ። የሻንሲው ቁጥር ደግሞ የት ነው ቢባል ማንም አያውቅም። «የኋላ ወንበር አንሡ» አልኳቸው። ተነሣ፤ መሃል ባለው ብረት ላይ ተጽፎ ተገኘ። ባለሥልጣኑ ግን ከቁጥሩ ይልቅ አጠገቡ ያለውን አይቶ ደነገጠ፦ ባትሪው፣ በቀኝ በኩል፣ መክደኛ የለው ምን የለው፣ አፉን ከፍቶ ተቀምጧል።

ይህ የቮልስ አሮጌ ምሥጢር ነው። የኋላው ወንበር ሆዱ የብረት ስፕሪንግ ነው። ከባድ ሰው በቀኝ በኩል ከተቀመጠና መኪናዋ ጉድጓድ ከገባች ስፕሪንጉ ወርዶ የባትሪውን ሁለት ራስ ይነካል፤ እሳት ይፈናጠራል፤ የወንበሩ ጭድ ይያያዛል። ተቀማጩ በሙቀቱ ነው የሚያውቀው። ስለዚህ ማታ ቤተ ሰቡ በተሰበሰበበት ትእዛዝ አወጣሁ፦ ባትሪው ላይ ወፍራም የጎማ ምንጣፍ ይነጠፋል፤ ከኋላ በቀኝ በኩልም ከባድ ሰው አይቀመጥም።

ባለቤቴ ቡናውን መቅዳት አቆመች። «እኔን ነው?» አለች።

ስለ ስፕሪንጉ ነው የማወራው ብዬ ለማስረዳት ሞከርኩ። ልጁ አንገቱን ደፋ፤ ሳቁን ይዞ ነው። እኔም ነገሩን ወደ ሌላ ለመውሰድ ስለ ግራና ቀኝ ማስተማር ጀመርኩ። እኛ በ1956 ዓ.ም. ከግራ ወደ ቀኝ ተዛወርን፤ ኬንያዎች እንግሊዝ እንደተወላቸው በግራ ቀሩ። የቮልሴ መሪ በግራ ነው። ስለዚህ ድንበሩን ከተሻገሩ በኋላ አንድ የጭነት መኪና ከፊት ከገጠመ ሾፌሩ ከጭነቱ ጀርባ በቀር ምንም አይታየውም፤ ከፊቱ ያለውን የሚያየው በቀኝ የተቀመጠው ሰው ነው። «ቅደም» ወይም «ተው» የሚለው እሱ ነው። የሁሉም ነፍስ በዚያ ሰው ዓይንና ምላስ ላይ ነው። የፊት መብራቱም ለእኛ መንገድ የተሠራ ስለሆነ የሚመጣውን ሰው እንዳያሳውር ከፊሉ በፕላስተር ይሸፈናል። ልጁ ለዚያ ወንበር ያሰበው ስልኩን ለአፍታ የማያስቀምጠውን ጓደኛውን ነው። «እዚያ የሚቀመጠው የበሰለ ሰው ነው» አልኩ፤ ማንን ማለቴ እንደሆነ ለሁሉም ግልጽ መስሎኝ ነበር።

«ልክ ብለሃል» አለች ባለቤቴ። «እኔ እቀመጣለሁ። የእህቴ ልጅ ሰርግ ነው፤ ዓይኔም ደኅና ነው። አንተ የአንዱ ዓይንህ ሞራ ከተገፈፈ ወዲህ ግመልና ቁጥቋጦ መለየት አቅቶሃል። 'ተው' ማለት ደግሞ ከእኔ የተሻለ የሚችል የለም።»

ይህን የካደ አልተገኘም። ጓደኛየው ከኋላ በግራ፣ ሻንጣና ዳቦ ቆሎ መሃል ላይ ሆነ። ልጁ ወደ እኔ ዞሮ፣ በዚያ ጨዋ ድምፁ፣ «ጋሼ፣ እንግዲህ ከሁላችንም ቀላሉ እርስዎ ነዎት፤ ባትሪው ላይ ይቀመጡልን» አለኝ።

«በመኪናዬ ከኋላ?» አልኩ።

«ምን አለበት?» አለች ባለቤቴ፣ ቡናውን እየሰጠችኝ። «መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ጃንሆይን ከቤተ መንግሥት ሲወስዷቸው በቮልስ አይደል? እሳቸውም ከኋላ ነው የተቀመጡት።»

ቡናዬን ጠጣሁና የጎማ ምንጣፉ ድርብ ይሁን አልኩ።